የተራቆተው ተራራ ባለቤት ይፈልጋል

በየዓመቱ ክረምቱ ገብቶ ምድር በዝናም ስትረሰርስ፣ ከሚኒስትሩ እስከ ተማሪው፣ ከደብሩ አለቃ እስከ ቀበሌው ሊቀ መንበር ድረስ ያለው ሰው ሁሉ ችግኝ እየያዘ ወደ ተራራ መውጣቱ በሀገራችን እንደ ሥርዓት ከታወቀ እነሆ ዓመታት ዐልፈዋል። የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በተጀመረበት በ2011 ዓ.ም.፣ ሐምሌ 22 ቀን ባንዲት ዕለት ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ የሚነገረው አኀዝ እያደገ ሄዶ ዛሬ የሚቈጠረው በቢሊዮን ነው። ሕዝብ ያለ ደመወዝ ጉልበቱን ለምድሩ የሚሰጥበትን ይህን ትጋት ማቃለል ከቶ አይገባም፤ ይሁን እንጂ የተከልነውን ስንቈጥር ሳንጠይቀው የምናልፈው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ክረምቱ ዐልፎ ተካዩ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ በኅዳር ፍየሏን ከችግኙ ላይ የሚመልሳት፣ በመጋቢት ሐሩር ምሳር ይዞ የሚመጣውን የሚከለክለው፣ በዐሥረኛውም ዓመት ከደረሰው ዛፍ የሚጠቀመው ማን ነው የሚለው ነው።

በእኔ አስተያየት የተራቆተ ደን ተመልሶ የሚለመልመው፣ ወይም ለምልሞ ሳለ ዳግመኛ የሚጠፋው፣ በዚህ ጥያቄ መልስ እንጂ በችግኙ ብዛት አይደለም። ደንን መመለስ የአካፋና የዶማ ሥራ ከመሆኑ አስቀድሞ የፍትሕና የርትዕ ሥራ ነው። በተራራው ሥር የሚኖረው ሕዝብ ለዘመቻ የሚጠራ ጉልበተኛ ወይም በጥፋት የሚጠረጠር ባላንጣ ተደርጎ የታየ እንደ ሆነ፣ በተራራው ላይ የሚበቅለው ሁሉ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ይታየዋል፤ የመዝጋት፣ የመጠቀምና አጥፊውን የመቅጣት ሥልጣን በሕግ የተሰጠው ባለቤት የሆነ እንደ ሆነ ግን፣ ብዙ ጊዜ ችግኝ እንኳ ሳያስፈልግ ደኑ ራሱ ይመለሳል። ይህን የምለው ከምኞት ተነሥቼ ሳይሆን በገዛ ሀገራችን ምድር ላይ ከታየው ነገር ተነሥቼ ነው።

አስቀድሞ ግን ስለ ደን መጥፋት ስንናገር ከልማድ የምንደግመውን ታሪክ መመርመር ይገባል። ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ ምድር 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር፣ ገበሬው ግን እየመነጠረ ወደ ጥቂት በመቶ አወረደው ሲባል በትምህርት ቤትም በስብሰባም እየሰማን አድገናል። ይህን አኀዝ በዘመኑ የለካው ሰው የለም፤ የታሪክ ሊቁ ጄምስ ማካን የ19ኛውን መቶ ዓመት ተጓዦች ጽሑፍ ጭምር መርምረው፣ ከሰሜኑ ደጋ ብዙው ክፍል በዚያን ጊዜም ቢሆን ዛፉ የሳሳ፣ እርሻና ግጦሽ የበዛበት ሀገር እንደ ነበረ አሳይተዋል። ዛሬ የምንጠራውም አኀዝ ቢሆን ከትርጓሜው ጋር የሚለዋወጥ ነው፤ ቁመቱ 2 ሜትር የሚደርስ ዛፍ ከግማሽ ሄክታር የማያንስ መሬት ይዞ ቢያንስ 20 በመቶውን በጥላው የሸፈነ እንደ ሆነ ደን ይባል ተብሎ ከተወሰነ በኋላ፣ የሀገሪቱ የደን ሽፋን 15 በመቶ ገደማ ሆኖ ተመዝግቦ ነበር። ይህን ማንሣቴ ጥፋቱን ለመካድ አይደለም፤ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ያሉት ጥቅጥቅ ደኖች በእኛው ዕድሜ እየሳሱ መሄዳቸውን ዐይን ያለው ሁሉ አይቶታል። ነገር ግን ጥፋተኛው ገበሬው ነው ብሎ የጀመረ መንግሥት፣ መጨረሻው ደኑን ከገበሬው ማራቅ መሆኑ አይቀርም፤ ለብዙ ዓመታት የተሄደበትም መንገድ ይኸው ነበር።

ደንን በትእዛዝ ማልማት ለሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ የወጨጫን ተራራ መራቆት አይተው፣ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉትና የመናገሻ ሱባ ደን ከዚያ እንደ ተገኘ ይነገራል፤ ያ ደን እስከ ዛሬ መቆሙም የንጉሥ ፈቃድ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ይመሰክራል። ሆኖም ንጉሥ አንድን ተራራ ያስጠብቅ ይሆናል እንጂ የሀገሩን ተራራ ሁሉ አስጠብቆ አይዘልቀውም። ከዚህ ይልቅ ለእኛ ብዙ ትምህርት ያለው የባሕር ዛፍ ታሪክ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር በታሰበ ጊዜ፣ ከአውስትራልያ የመጣው ይህ ዛፍ ከተማይቱን ከመፈታት አዳናት፤ ከዚያም በኋላ በሸዋ፣ በጎጃምና በጉራጌ ሀገር በየገበሬው ጓሮና ድንበር ተስፋፋ። ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፣ መሬት ያከሳል እየተባለ የሚነሣው ክርክር ራሱን የቻለ ነገር ስለ ሆነ እዚህ አልገባበትም፤ ልብ ልንለው የሚገባን ግን፣ ባለሙያው እየነቀፈው፣ አንዳንድ ጊዜም ባለሥልጣኑ እየከለከለው፣ ማንም ሳያስገድድ የተስፋፋ መሆኑን ነው። የተከለው ሰው ራሱ እንደሚቈርጠውና ዋጋውንም ራሱ እንደሚቀበል ስላወቀ ተከለ፤ ስለ ተከለም ጠበቀ። የኢትዮጵያ ገበሬ ዛፍ መትከል አያውቅም የሚለው ክስ በዚህ አንድ ነገር ብቻ ውድቅ ይሆናል።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ወደ ደርግ ዘመን መለስ ማለት ይበቃል። የ1965ና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ የመሬቱን መጐሳቈል በዓለም ፊት ከገለጠው በኋላ፣ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅም የገጠርን መሬት የሕዝብ የጋራ ሀብት ካደረገ ወዲህ፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ስንዴና ዘይት እየሰፈረ፣ የገበሬ ማኅበራትም ሕዝቡን እያሰለፉ፣ በደጋው ተራሮች ላይ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ኮረብታዎችም ከሰውና ከከብት ተዘጉ። ሥራው በስፋቱ በአፍሪካ ከታዩት ታላላቅ ዘመቻዎች የሚቈጠር ነበር። ነገር ግን በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠና ጠባቂው ቦታውን በለቀቀ ጊዜ፣ ጉድጓዱን የቈፈረውና ድንጋዩን የተሸከመው ያው ሕዝብ ምሳር እያነሣ ተዘግቶ የነበረውን ደን በብዙ ቦታ ባጭር ጊዜ ውስጥ መነጠረው። የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ የራስወርቅ አድማሴ ይህን ዘመን ከመሬት መብት አንጻር የመረመሩበት መጽሐፍ፣ ሃያው ዓመት ወደ የትም አላደረሰም የሚል ርእስ የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህ የሆነው ሕዝቡ ደንን ስለ ጠላ አልነበረም። ተራራው ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ ሣሩን ማጨድ፣ የደረቀውን እንጨት መልቀም፣ ቀፎ መስቀል ተከልክሎ ነበር፤ ዛፉ የማን እንደ ሆነ፣ በስንት ዓመት ተቈርጦ ለማን እንደሚካፈል የነገረው አልነበረም፤ ለድካሙም ስንዴ ተሰፍሮለት ነበር። ዋጋው የተከፈለበት ሥራ ደግሞ የከፋዩ እንጂ የሠሪው አይደለም። ገበሬው ጉልበቱን ሸጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ዛፉ የስንዴው ባለቤት ንብረት ሆኖ ቀረ፤ የስንዴው ባለቤት ሲሄድም ዛፉ ጌታ የሌለው ሆኖ ተገኘ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ምሳሌ እንዲህ ላለው ደን የተነገረ ይመስላል፤ ወተቷን ያላየ ሰው ላሚቱን እንዲያግድ መጠበቅም ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጭ ነው።

እንግዲህ በወላይታ ሁምቦ የተደረገው ነገር ከዚህ ጥፋት ጋር ተነጻጽሮ ሊታይ ይገባዋል። የሁምቦ ኮረብታዎች በሕዝብ ብዛት፣ በማገዶና በከሰል ምክንያት ተራቁተው፣ ዝናም በጣለ ቍጥር ደለሉና ጎርፉ ወደ እርሻው ይወርድ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ወርልድ ቪዥን የተባለው ድርጅት ከሕዝቡና ከመንግሥት ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታር የሚሆነውን ኮረብታ ለመመለስ በተነሣ ጊዜ፣ ብዙው ሰው መሬታችንን ሊነጥቁን ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ያለፈውን ላየ ሰው ይህ ጥርጣሬ ማስተዋል እንጂ ድንቍርና አይባልም። ስለዚህም ሥራው የተጀመረው በቁፋሮ ሳይሆን በንግግር ነው፤ ሕዝቡ በሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ፣ በኮረብታው የመጠቀም መብቱ በሕግ ከተረጋገጠለት በኋላ፣ የትኛው ቦታ እንደሚዘጋ፣ ማን እንደሚጠብቅና አጥፊው በምን እንደሚቀጣ ራሱ ባወጣው መተዳደሪያ ደንብ ወሰነ።

ደኑ የተመለሰበት ጥበብ ደግሞ ከተለመደው የተለየ ነበር። ዛፍ ሲቈረጥ ከመሬት በላይ ያለው ይጠፋል እንጂ ሥሩ ብዙ ጊዜ ሕያው ሆኖ ይኖራል፤ ዝናም ባገኘ ቍጥርም ያቆጠቍጣል፤ ከብት ስለሚግጠውና ምሳር ስለሚያወርደው ግን ቍጥቋጦ እንደ ሆነ ይቀራል። አውስትራልያዊው የእርሻ ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ በ1970ዎቹ በኒጀር ማራዲ አውራጃ ለዓመታት ችግኝ እየተከሉ ሲደርቅባቸው ከቈዩ በኋላ ያስተዋሉት ይህንኑ ነው፤ ገበሬው ከጉቶው ከሚወጡት ብዙ ቅርንጫፎች ብርቱዎቹን ጥቂቶች መርጦ፣ ሌላውን ገርዞ፣ ከከብት ቢጠብቀው ባጭር ዓመታት ውስጥ ዛፍ ይሆናል። ይህ ዘዴ በኒጀር የተስፋፋበት ምድር ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚደርስ ይገመታል። በሁምቦም ከተመለሰው ደን 90 በመቶ የሚበልጠው ከነዚሁ ሕያዋን ጉቶዎች የተነሣ ነው፤ ችግኝ ያስፈለገው ጉቶው ፈጽሞ በጠፋበት ቦታ ብቻ ነበር።

ሁምቦ በውጭው ዓለም የታወቀው በ2002 ዓ.ም. በኪዮቶው ስምምነት ሥርዓት ተመዝግቦ፣ ደኑ ከአየር የሚሰበስበውን ካርቦን ለዓለም ባንክ ፈንድ መሸጥ በመቻሉ ነው፤ በ30 ዓመት ውስጥም 880,000 ቶን ያህል እንደሚሰበስብ ተገምቷል። ከዚያ የተገኘው ገንዘብ ለእህል ወፍጮና ለእህል መጋዘን መዋሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሕዝቡን ከተራራው ጋር ያስታረቀው የካርቦኑ ገንዘብ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ነገሩን ከመጨረሻው ያነበበ ነው። ካርቦኑ ከመሸጡ አስቀድሞ ሣሩ በቅሎ ነበር፤ ገበሬውም ከብቱን ወደ ተራራው ከመልቀቅ ይልቅ ሣሩን አጭዶ ወደ ደጁ ተሸክሞ ለመመገብ ቻለ፤ ከሚገረዘው ቅርንጫፍም ማገዶ አገኘ። ደን በ30 ዓመት የሚከፍል ባለዕዳ ብቻ ከሆነ ድኻ ሊያበድረው አይችልም፤ በመጀመሪያው ዓመት ሣር፣ በሁለተኛው ማገዶ፣ በሦስተኛው ማር የሚሰጥ የሆነ እንደ ሆነ ግን ድኻውም ይታገሠዋል።

የዕፅዋትን ጠባይ የመረመሩ ሊቃውንት ያገኙት ነገርም ከዚህ ጋር ይስማማል። ደመል ተከታይ በደጋ ደኖች አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚገኘውን ዘር መርምረው እንዳሳዩት፣ ሣሩና አረሙ ዘሩን በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲያቈይ፣ አብዛኞቹ የሀገራችን ዛፎች ግን ይህ ጠባይ የላቸውም። ስለዚህ ለብዙ ዘመን ታርሶ ጉቶው እንኳ የጠፋበት መሬት ደን ሊሆን የሚችለው፣ ዘር የምትሰጥ እናት ዛፍ በአቅራቢያው ተርፋ የተገኘች እንደ ሆነ ነው። የወይራን ፍሬ ወፍ በልታ፣ ዘሩን በደደሆ ወይም በሌላ ቍጥቋጦ ሥር ትጥለዋለች፤ ቍጥቋጦውም ለበቀለው ቡቃያ ከፀሐይ ጥላ፣ ከፍየልም አጥር ይሆነዋል። እኛ ግን ለተከላ ስንወጣ አስቀድመን የምናደርገው ያንኑ ቍጥቋጦ መመንጠር፣ በምትኩም ጉድጓድ በመስመር መቈፈር ነው፤ በዚህም አድራጎት ተፈጥሮ በነጻ ያሳደገችውን የወይራ ሞግዚት አጥፍተን፣ በገንዘብ የተገዛ ባዕድ ችግኝ በሐሩር ላይ እናቆማለን።

በሰሜኑ ደጋ እናት ዛፎችን ያቈየችልን ቤተ ክርስቲያን ናት። በደቡብ ጎንደርና በጎጃም ሜዳ ላይ ለሚሄድ መንገደኛ ከሩቅ የሚታየው የዛፍ ክምችት፣ በመካከሉ ታቦት ያለበት ቅጽር መሆኑን ማንም ያውቃል፤ በዙሪያው ያለው ምድር ሁሉ ታርሶ፣ ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው በዚያች በጥቂት ሄክታር ተወስነው ቀርተዋል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን የደብርና የገዳም ደኖች ሲያጠኑ፣ አሮጌዎቹ ዛፎች ቆመው ሳለ ከሥራቸው ተተኪ ቡቃያ እያነሰ መሄዱን፣ ከብት የተከለከለ እንደ ሆነም ቡቃያው እንደሚበረክት አሳይተዋል። ከዚያም ከአሜሪካዊቱ ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱንና ምእመናኑን በማወያየት፣ ከየእርሻው የተለቀመ ድንጋይ በደኑ ዙሪያ ካብ ሆኖ እንዲቆም አድርገዋል፤ በዚህም እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። በዚህ ሥራ ውስጥ የሚያስደንቀው የድንጋዩ ካብ ሳይሆን፣ ካቡን የሠራው ሕዝብ ደኑ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ያላስፈለገው መሆኑ ነው፤ የታቦቱ፣ ስለዚህም የእኛ ነው ብሎ ከአባቱ ተቀብሎታልና።

ከቅጽር ውጭም ቢሆን አባቶቻችን የጋራ ሀብትን የሚያስተዳድሩበት ሥርዓት ነበራቸው። በመንዝ የጓሳ ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይሠራበት በነበረው የቄሮ ሥርዓት፣ የአስቦና የጌራ ባላባቶች በመረጡት አለቃ ሥር፣ ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ ከቈየ በኋላ ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ለክዳን፣ ለገመድና ለግጦሽ ይውል ነበር፤ ያለጊዜው የገባም ይቀጣ ነበር። ያ ምድር ዛሬ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መጠጊያ ሆኖ የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። የ1967ቱ ዐዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲሽር ይህም አብሮ ፈረሰ፤ ይሁን እንጂ ሕዝቡ ኋላ በሌላ መልክ አደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሎበታል። አባቶቻችን በአንድ ሥርዓት ውስጥ መዝጋትንና መክፈትን አጣምረው ማኖራቸውን ልብ እንበል፤ የማይከፈት ክልክል ሕዝብ አያከብረውም፣ የማይዘጋ ግጦሽም ለልጅ አይተርፍም። በኦሪት ዘፍጥረት አዳም በገነት የተቀመጠው ሊሠራትም ሊጠብቃትም መሆኑ የተነገረን፣ ሥራንና ጥበቃን የሚያጣላ ትምህርት በቤተ ክርስቲያናችንም እንደሌለ ለማሳወቅ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ግን ቀላል አይደለም፤ ሕዝብ ማለት አንድ ልብ፣ አንድ ጥቅም ያለው አካል አይደለምና። ተራራ በተዘጋ ጊዜ አስቀድሞ የሚጐዳው ሁለት ጥማድ በሬ ያለው ባለመሬት ሳይሆን፣ መሬት የሌለው ወጣት፣ ከሦስት ፍየል በቀር ሀብት የሌላት ባልቴት፣ ጭራሮ ለቅማ በጀርባዋ ተሸክማ ሸጣ የምታድር እናት ናት። የማኅበሩ ሊቀ መንበርነት በባለጸጋው እጅ የወደቀ እንደ ሆነም፣ የሕዝብ ደን የተባለው የጥቂቶች ርስት ይሆናል። በባሌ ተራሮች ሰሜናዊ ወገን በአዳባና በዶዶላ፣ ዋጂብ የተባሉት የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ሲቋቋሙ፣ ለአንድ ቤተሰብ 12 ሄክታር ያህል ደን እንዲደርስ ታስቦ የአንዱ ማኅበር አባላት ከ30 ቤተሰብ እንዳይበልጡ ተወስኖ ነበር፤ ይህ አሠራር ለአባላቱ እውነተኛ ባለቤትነት ሲሰጥ፣ ከአባልነት ውጭ የቀረውን ጐረቤት ግን ማሳዘኑ አልቀረም። እንግዲህ ባለቤትነት ጥያቄውን ሁሉ የሚዘጋ አይደለም፤ ጥያቄውን ከከተማ ቢሮ አውጥቶ ወደ ሸንጎው ያመጣዋል እንጂ። ሆኖም የባልቴቲቱ ፍየል የምትግጥበት ቦታ የሚነሣው በሸንጎው ላይ ነው፤ በዘመቻ ዕቅድ ውስጥ ግን ባልቴቲቱ ከነፍየሏ የለችም።

ሌላው ተቃውሞ ከችግር ዘመን የሚነሣ ነው። በትግራይ ውቅሮ አጠገብ ያለችው አብርሃ ወአጽብሃ ሕዝቧ ተራራዋን ዘግቶ፣ ውኃዋን አቍሮ፣ የጉድጓዱ ውኃ ወደ ላይ ቀርቦ፣ በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳቶር ሽልማት እስከ ማግኘት ደርሳ ነበር። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት ግን በዚያ ክልል መብራትና ነዳጅ ሲቋረጥ፣ ሕዝቡም ሲፈናቀል፣ በብዙ ቦታ በብዙ ዓመት ድካም የተመለሰው ዛፍ ለማገዶና ለከሰል ወረደ። ይህ የሕዝብን ጠባቂነት ከንቱ ያደርገዋል የሚል ቢኖር፣ ረኃብና ጦርነት ሲመጣ የመንግሥትም ደን እንደማይተርፍ የራሳችን ታሪክ ይመልስለታል። ልዩነቱ ያለው ሰላም ከተመለሰ በኋላ ነው፤ የሥርዓቱን ጥቅም የቀመሰ ሕዝብ ጉቶው እስካለ ድረስ ዳግመኛ ለመጀመር ሌላ ዘመቻ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ሕጉ ራሱ በዚህ አቅጣጫ አንድ እርምጃ ተራምዷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ከመንግሥት ደንና ከግል ደን በቀር ሌላ አያውቅም ነበር፤ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ዐዋጅ ቍጥር 1065/2010 ግን የማኅበረሰብንና የማኅበርን ደን ራሱን የቻለ ባለቤትነት አድርጎ ተቀበለው። የጐደለው ዐዋጁን ከመጽሐፍ ወደ ተራራ ማውረድ ነው። ስለዚህ በማናቸውም የጋራ ኮረብታ ላይ የመጀመሪያው ጉድጓድ ከመቈፈሩ በፊት፣ ኮረብታው በየትኛው ማኅበር ስም እንደ ተመዘገበ፣ ወሰኑ የት እንደ ሆነ፣ ሣሩ፣ ማሩ፣ ማገዶውና ግንዱ ለማን እንደሚከፋፈል፣ መሬት የሌላቸውም ወገኖች ድርሻ ስንት እንደ ሆነ በጽሑፍ ይወሰን፤ የባለቤትነቱም ደብተር በማኅበሩ እጅ ይግባ። ጉቶና እናት ዛፍ ያለበት ቦታ ከተከላ በፊት ለመዝጋት ይታሰብ፤ ችግኝ የሚያስፈልገው እነዚህ ለሌሉበት ይሁን፤ ዘሩም ከሩቅ ሀገር ሳይሆን ከቅርቡ ደብር ወይም ከቅርቡ ደን ይለቀም። ለሕዝብ የሚነገረው አኀዝም የተተከለው ሳይሆን በሦስተኛው ዓመት ቆሞ የተገኘው ይሁን፤ ኢትዮጵያ በቦኑ ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን እመልሰዋለሁ ያለችው 15 ሚሊዮን ሄክታር በዚህ ካልተለካ በሌላ ሊለካ አይችልም።

ይህ ሁሉ ከገንዘብ ይልቅ የሚጠይቀው የባለሥልጣንን ልብ ነው። ተራራን ለሕዝብ መስጠት ማለት፣ አንድ ቀን ማኅበሩ በደንቡ መሠረት ከደረሰው ዛፍ ቈርጦ ወደ ገበያ ሲያወጣ፣ ገንዘቡንም ለልጆቹ ደብተር ወይም ለቤቱ ቆርቆሮ ሲያውለው አይቶ ዝም ማለት ነው። ከወረዳ እስከ ሚኒስቴር ያለው ሹም ሁሉ ስለ ሕዝብ ተሳትፎ መናገሩን ሊያቋርጥ አይገባም፤ ተሳትፎው እውነተኛ መሆኑ የሚፈተነው ግን በመትከያው ቀን ሳይሆን በመቍረጫው ቀን ነው። ያን ቀን ደንግጦ ዘበኛ የሚልክ ሹም፣ ዐዋጁ ከታወጀ ዓመታት ቢያልፉም እርሱ ራሱ ገና አልተቀበለውም ማለት ነው።